ዝም ያለ እግር፦ ስኳር ያለበት ሰው ሲቆስል፣ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። የስኳር ሕመም ግን ከዚህም ይብሳል፤ ቁስሉን ከራሱ ከባለቤቱ ይደብቃል።

እስቲ ይህን ያስቡት። አባት ከለቅሶ ተመልሰው ቤት ይገባሉ። ጫማቸውን ሲያወልቁ ልጃቸው ካልሲያቸው ላይ የደረቀ ደም ታያለች። ጫማውን ስታራግፈው የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠጠር ትወድቃለች። ቀኑን ሙሉ ረግጠዋት ውለዋል። «አላመመኝም እኮ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አላመማቸውም። «ነገ ይደርቃል» ተብሎ ይታደራል። ነገም አይደርቅም። በሦስተኛው ቀን የጨው ውሃ ይሞከራል፤ በአምስተኛው ቀን ከፋርማሲ የተገዛ እንክብል ተከፍቶ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፤ በአሥረኛው ቀን ክፍሉ መሽተት ይጀምራል። ሆስፒታል ሲደረስ ጣት ስለማዳን ለመነጋገር ጊዜው አልፎ፣ ወሬው ስለ እግር ይሆናል።

እንዲህ ያለ ታሪክ የማያውቅ ሰፈር ጥቂት ነው። የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከአምስት አንዱ፣ ምናልባትም ከሦስት አንዱ፣ በሕይወት ዘመኑ እግሩ ላይ ቁስል ይወጣበታል። በስኳር ሕመም ምክንያት ከሚቆረጡ 100 እግሮች ውስጥ በ85 ገደማው ላይ አስቀድሞ ቁስል ነበረ። ይህ ቁጥር ያስደነግጣል፤ ተስፋም ግን አለው። ከቆረጣው በፊት ቁስል ካለ፣ ከቆረጣው በፊት ጊዜ አለ ማለት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ሴንት ቪንሰንት በተባለች ከተማ የተሰበሰቡ የአውሮፓ መንግሥታት፣ ሐኪሞችና የሕሙማን ማኅበራት በስኳር ሕመም ምክንያት የሚደርሰውን ቆረጣ በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንቀንስ ብለው የተስማሙት ይህንኑ ስላወቁ ነው።

እግር የሚጠፋው መጋዝ ያረፈበት ዕለት አይደለም። ቤት ውስጥ፣ ማንም ውሳኔ መሆናቸውን ሳያስተውል በተወሰኑ ትናንሽ ውሳኔዎች ቀን በቀን ይሄዳል። ከዚህ በታች ያሉት እነዚያ ውሳኔዎች ናቸው። እያንዳንዱን ከመወሰንዎ በፊት አንድ አፍታ ቆም ይበሉ።

1. «አላመመኝም» ብለው ከመተውዎ በፊት

በደም ውስጥ ያለ ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው፤ እነሱም እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ናቸው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ይወርራል፣ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛል። ከዚያ ቀስ በቀስ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ማቃጠሉ ሲተወው «ተሻለኝ» ይላል። ተሽሎት ሊሆን ይችላል፤ እግሩ ጨርሶ ደንዝዞም ሊሆን ይችላል። የሚለየው በምርመራ ብቻ ነው።

ስሜት ያጣ እግር ምን እንደሚደርስበት ዓለም ጠንቅቆ የተማረው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። በሕንድ ቬሎር፣ በኋላም በአሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል በተባለ ቦታ የሠሩት ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የሕሙማኑን ጣቶች የሚጨርሳቸው በሽታው ራሱ እየበላቸው እንዳልሆነ አሳዩ። ሳይሰማቸው የሚደርስባቸው ቃጠሎ፣ ግጭትና የዘወትር ጫና ነበር። ጫናው ሲነሳላቸው ቁስሎቹ ዳኑ። ያው ትምህርት ለስኳር ሕሙማን እግር ተረፈ። በአገራችንም በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ስሜት ያጣ እግርን በመንከባከብ የቆየ ልምድ ያካበተ ተቋም ነው።

እግርዎ ስሜት እንዳለው ለማወቅ ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። የእንግሊዟ ኢፕስዊች ከተማ ሐኪሞች ያስለመዱት ሲሆን መሣሪያ አይፈልግም፤ የሌላ ሰው ጣት ብቻ ይበቃዋል።

• ካልሲ ያውልቁ፣ ይጋደሙ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ።
• ቤተሰብዎ በጠቋሚ ጣቱ ጫፍ የአውራ ጣትዎን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በስሱ ይንካ። አይጫን፣ አያሻሽ፣ አይድገም።
• በሁለቱም እግር ሲሆን 6 ቦታ ይነካል። ሲነኩ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ።
• ከ6ቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማዎት እግርዎ ስሜቱን ሳያጣ አይቀርምና ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «አላመመኝም» የሚለው ቃል ማስረጃ መሆኑ ይቀራል። እግርዎ መናገር ስላቆመ ዓይንዎ ስለ እርሱ ይናገር።

2. «የስኳር ቁስል አይድንም» ብለው ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት

ይህ አባባል ብዙ እግር አስቆርጧል። አይድንም ብሎ ያመነ ሰው ለመታከም ለምን ይሮጣል? እውነቱ ይህ ነው፤ የስኳር ቁስል ይድናል፤ ለመዳን ግን አራት ነገር ይፈልጋል። ደም ሊደርሰው ይገባል። ኢንፌክሽን ካለው ኢንፌክሽኑ መታከም አለበት። ክብደትና ጫና ሊነሳለት ይገባል። የደም ስኳሩም መስተካከል አለበት። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ሦስቱ ብቻቸውን አይችሉትም። ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበ ሰውየው ግን በየቀኑ ከረገጠው፣ ወይም ምርጥ መድኃኒት እየተወሰደ ደም ወሳጁ ቧንቧ ከተዘጋ፣ ወራት ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ «አይድንም» የሚለው ወሬ እውነት ይመስላል።

ስለዚህ አንድ ቁስል አልድን ሲል «ስኳር ነው፣ ምን ይደረግ» ብለው አይቀመጡ። «ከአራቱ የቱ ነው የጎደለው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ ለሐኪምዎም ለነርስዎም ማቅረብ መብትዎ ነው።

መሻሻሉን በዓይን ግምት አይመኑ። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ከቁስሉ አጠገብ ማስመሪያ አስጠግተው፣ በስልክ ፎቶ ያንሱት። በ4 ሳምንት ውስጥ የቁስሉ ስፋት በግማሽ ገደማ ካልቀነሰ ሕክምናው እንደገና መታየት አለበት። ያን ፎቶ ይዘው ይቅረቡ።

3. ቤት ውስጥ ለማከም ከመወሰንዎ በፊት

ቁስሉን ባዩበት ሰዓት ማድረግ ያለብዎ ጥቂት ነው።

• እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
• ቁስሉን በንጹሕ ውሃ፣ ከተጠራጠሩም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በቀስታ ይጠቡት።
• በንጹሕ ጎዝ ወይም በታጠበና በተተኮሰ ጨርቅ ይሸፍኑት። ፋሻውን አያጥብቁ፤ የሚያንቅ ፋሻ ደም ይከለክላል።
• እግሩን መርገጥ ያቁሙ።
• ስኳርዎን ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉት።
• በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሚስማር ወይም ቆሻሻ ነገር ወግቶዎት ከሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልግዎ እንደሆነ ይጠይቁ።

ማድረግ የሌለብዎ ደግሞ ይበዛል። ጨው፣ የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ አመድ፣ የተወቀጠ ቅጠል፣ ጭስ፣ የባትሪ ድንጋይ ወይም ነጭ ጋዝ ቁስል ላይ አያድርጉ። እየፈላ አረፋ የሚያወጣውን ፔርኦክሳይድና አልኮልን ደጋግሞ መጠቀም የሚያድገውን አዲስ ሥጋ ያቃጥላል። በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ እጥፍ አደጋ ነው፤ የደነዘዘ እግር ሙቀቱን አይለይም፣ የረጠበ ቆዳም ይላላና ለጀርም በር ይከፍታል። እግርን ከሰል ማንደጃ ላይ ማሞቅም እንዲሁ፤ ብዙ ሰው የቃጠሎ ጠረን ካልሸተተው በቀር መቃጠሉን አያውቅም።

የእንክብሉን ነገር ለይቼ ልንገርዎ። የቴትራሳይክሊን ወይም የአምፒሲሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በየሰፈሩ የተለመደ ነው። ዱቄቱ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ከላይ ሲያዩት «ደረቀ» ያሰኛል፣ ከሥሩ ግን መግሉ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጅማትና ወደ አጥንት ይሄዳል። የደረቀ የመሰለ ቁስል ሁሉ የዳነ አይደለም።

መጅንም በምላጭ አይቁረጡ፤ ከፋርማሲ በሚሸጥ የመጅ ማንሻ ፈሳሽም አያቃጥሉ። ውስጥ እግር ላይ የደደረ መጅ፣ በተለይ መሐሉ ጠቁሮ ከታየ፣ ከሥሩ ቁስል ደብቆ ሊሆን ይችላል። በሠለጠነ እጅ ይነሳ።

4. «እስከ ሰኞ ልጠብቅ» ብለው ከመወሰንዎ በፊት

የእግር ኢንፌክሽን ሌሊትና እሑድ አያውቅም። ውስጥ እግር በጠባብ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ መግል አንዱ ክፍል ውስጥ ሲታሰር በውስጡ ያለውን ሥጋ አፍኖ በሰዓታት ሊገድል ይችላል። ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

• መግል ወይም መጥፎ ጠረን።
• በቁስሉ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ እብጠት ወይም ሙቀት።
• የጠቆረ፣ የሰማያዊነት መልክ የያዘ ወይም የቀዘቀዘ ጣት።
• ቆዳው ሲነካ እንደ ብስኩት የመንኮሻኮሽ ስሜት።
• ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ትንፋሽ መፍጠን፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት።
• ያለ ሌላ ምክንያት ስኳሩ ሽቅብ መውጣት።
• ደንዝዞ የኖረ እግር በድንገት መታመም። ዝም ያለ እግር ከጮኸ ነገሩ ጠልቋል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መጻሕፍት «መቅላት» ሲሉ የሚያስቡት ነጣ ያለ ቆዳን ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ወይን ጠጅ ሊመስል፣ ጠቆር ሊል፣ ጭራሹን ላይታይም ይችላል። ስለዚህ በእጅዎ ጀርባ ሁለቱን እግሮች አንድ ቦታ ላይ ይዳስሱ፤ አንዱ ከሌላው ጎልቶ ከሞቀ ምልክት ነው። በቴርሞሜትር ለሚለኩ ሰዎች ማስጠንቀቂያው 2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ነው።

ቁስል ሳይኖረው ያበጠና የጋለ እግርም አለ። ስሜት ባጣ እግር አጥንቶቹ ሳይታወቅ ተሰባብረው ቅርጹ መፈራረስ ሲጀምር እንዲህ ይሆናል፤ ሐኪሞች የሻርኮ እግር ይሉታል። ሪህ፣ ወለምታ ወይም የደም መርጋት ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። ወጌሻ ጋር ሄዶ መታሸት ይህን እግር ይጨርሰዋል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ያለ ቁስል ካበጠና ከጋለ መርገጥ አቁሞ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

5. «ታይቼ መጣሁ» ብለው ከመርካትዎ በፊት

ጤና ተቋም መድረስ ግማሽ መንገድ ነው። የሁለቱንም እግር ጫማና ካልሲ ሳይጠየቁ ያውልቁ፤ ያልተገለጠ እግር አይታይም። ከዚያ እነዚህ መደረጋቸውን ይከታተሉ።

• የደም ዝውውሩ ታይቷል? በእግር ጀርባና ከቁርጭምጭሚት በስተኋላ የደም ሥር ትርታ ይዳሰሳል። ትርታው ከጠፋ የቁርጭምጭሚትና የክንድ የደም ግፊት ይነጻጸራል፤ ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ስኳር የቧንቧን ግድግዳ ስለሚያጠነክር ቁጥሩ ደህና መስሎም ሊያሳስት ይችላልና ትርታው ደካማ ከሆነ ምርመራው በዚያ አያብቃ።
• የቁስሉ ጥልቀት ተለክቷል? በንጹሕ የብረት መመርመሪያ ሲነካ አጥንት ካገኘ ኢንፌክሽኑ አጥንት ሳይገባ አይቀርም። ራጅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል።
• የሞተው ሥጋና ዙሪያውን የደደረው መጅ ተነሥቷል? ይህ ሳይደረግ ከላይ ፋሻ መቀያየር ቆሻሻን መሸፈን ነው።
• አንቲባዮቲኩ በእርግጥ ያስፈልጋል? የኢንፌክሽን ምልክት የሌለው ቁስል አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ምልክት ያለው ቁስል ደግሞ የታዘዘለትን ሳይቋረጥ መጨረስ አለበት፤ ለሥጋ ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ አጥንት ከገባና አጥንቱ ካልተወገደ 6 ሳምንት ገደማ።
• ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ቁስሉ ቢብስ የምሄደው የት ነው?

በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ የሪፈራል ወረቀትዎን ሳይዙ ከጤና ጣቢያ አይውጡ። ወረቀቱ ላይ «ስኳር ያለበት፣ የእግር ቁስል፣ አስቸኳይ» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

6. «ትንሽ ልራመድ» ብለው ከመነሣትዎ በፊት

ከሁሉ የሚከብደው ምክር ይህ ነው። ሌላ ሰው ውስጥ እግሩ ቢቆስል ሕመሙ ያነክሰዋል፤ ማነከሱ ቁስሉን ያሳርፈዋል። ስሜት ያጣ እግር አያነክስም። ሰውየው ሙሉ ክብደቱን እየጣለበት ይሄዳል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ሌሊቱን የበቀለውን ለጋ ሥጋ ይደቁሰዋል።

የተሻለው መፍትሔ በሠለጠነ ባለሙያ ከእግር ቅርጽ ጋር ተስማምቶ እስከ ጉልበት ሥር የሚሠራ፣ የማይወልቅ ጄሶ ወይም ተመሳሳይ ቡት ነው። ጥቅሙ ያለው አለመውለቁ ላይ ነው፤ የሚወልቅ ነገር ወደ መጸዳጃ ሲኬድ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ጎረቤት ሲጠራ ይወልቃል። ከባድ ኢንፌክሽን ወይም የደም እጥረት ላለበት እግር ግን ጄሶው ስለማይሆን አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው። ይህ በማይገኝበት ቦታ ክራንች፣ ዊልቸር፣ ቁስሉ ያለበት ቦታ የተፈለፈለ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ዕረፍት አለ።

እዚህ ላይ ቤተሰብና ዕድርተኛው ኃላፊነት አለባቸው። ለቅሶ አለመድረስ፣ ማኅበር መቅረት፣ ክርስትና አለመሄድ ለኛ ሰው ከቁስሉ በላይ ያመዋል። «ቀረ» ተብሎ እንዳይታማ ብሎ በቆሰለ እግሩ ድንኳን ድረስ የሚሄድ አባት ብዙ ነው። እንግዲያው ልጆቹ በእርሱ ፈንታ ይድረሱ፤ ዕድሩ «ታሟል፣ ተፈቅዶለታል» ይበል፤ ወዳጅ ቤቱ መጥቶ ይጠይቀው። እናት ከሆኑ ደግሞ ምድጃ ሥር መቆሙን፣ ውሃ መቅዳቱን፣ ገበያ መውረዱን ሌላው ይሸከምላቸው። «ዕረፊ» ብሎ ሥራውን ለእርሷው መተው አላሳረፋትም።

7. ጸበልና ጾም ሲያስቡ

እምነትዎን የሚነካ ቃል የለኝም። የምለምንዎ እምነትዎና ሕክምናዎ አብረው እንዲሄዱ ነው። ጸበል ሲጠመቁ ኢንሱሊንና እንክብልዎን አያቋርጡ። ቁስልዎ በእርጥብ ፋሻ ውስጥ አይዋል፤ ወዲያው ደርቆ በንጹሕ ይሸፈን። በባዶ እግር ረጅም መንገድ ለመሄድ ወይም በቀትር ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ ለመቆም የሚያስገድድ ስእለት ካለብዎ ለንስሐ አባትዎ ስሜት ያጣ እግር እንዳለዎ ይንገሩና ምክራቸውን ይቀበሉ። ጫማ በሚወለቅበት ቅጥር ውስጥ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ያድርጉ፤ ከሄዱበት ሲመለሱ ውስጥ እግርዎን ያስፈትሹ። ሙስሊም ከሆኑ ውዱእ ካደረጉ በኋላ በጣቶችዎ መካከል ያለውን እርጥበት ማድረቅ አይርሱ፤ ፈንገስ የሚበቅለውና ቆዳ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ሲቃረብ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከሐኪም ጋር አስቀድመው ያስተካክሉ።

8. ጫማ ከመግዛትዎ በፊት

• ጫማ ከሰዓት በኋላ ይግዙ፤ እግር ቀኑን እያበጠ ይውላል። ቆመው፣ በሁለቱም እግር ይለኩት።
• ከረጅሙ ጣትዎ ፊት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። በጎንም በላይም አይጫን። «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለውን የሻጭ ቃል አይቀበሉ፤ ስሜት ላጣ እግር የሚያሰፋው ጫማውን ሳይሆን ቁስሉን ነው።
• ነጠላ ጫማ ጣትን ያጋልጣል፣ በጣቶች መካከል ይፈገፍጋል። ጎማው የደረቀ ኮንጎ ጫማ ቆዳ ይሰነጥቃል። ከኋላ የሚይዝ፣ ፊቱ የተሸፈነ፣ ሶሉ ለስላሳና ወፍራም የሆነ ይሻላል።
• አዲሱን ጫማ መጀመሪያ ለ1 ሰዓት ብቻ ያድርጉና አውልቀው እግርዎን ይዩ።
• ከመልበስዎ በፊት ሁልጊዜ ያራግፉት፣ እጅዎን ከተው ይዳስሱት።
• ካልሲዎ ነጣ ያለ ቀለም ይሁን፤ ደምና ፈሳሽ ቶሎ ይታይበታል። ስፌቱ ቆዳ እንዳይፈገፍግ ይገልብጡት፤ በየቀኑ ይቀይሩት።
• ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በዐረብ አገር ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ጫማ የምትልኩ ልጆች፣ ቁጥር ብቻ አትጠይቁ። ወላጃችሁ በወረቀት ላይ ቆመው የሁለቱ እግሮቻቸው ዙሪያ በእርሳስ ይሠመርና ፎቶው ይላክላችሁ። ያማረ ግን ጠባብ ጫማ ከምትልኩ ሰፊና ቀላል ስኒከር መላክ ትልቅ ስጦታ ነው።

9. «ይቆረጥ» ሲባሉ፣ ከመፈረምዎ በፊት

ሁለት ስሕተት አለ። አንዱ ሳይጠይቁ መፈረም ነው፤ ሌላው ሞት በደጅ ቆሞ «እግሬን ይዤ ልቀበር» ማለት ነው። ሁለቱንም ለማምለጥ እነዚህን ይጠይቁ።

• ይህ የዛሬ ሕይወት የማዳን ጉዳይ ነው ወይስ ለማሰብ ቀናት አሉን? መግል የሞላበት እርጥብ ጋንግሪን (የሞተ ሥጋ) ከብርድ ብርድ ማለትና ከደም ግፊት መውረድ ጋር ከመጣ መዘግየት ሰው ይገድላል። ደረቅ ሆኖ የጠቆረ ጣት ግን ብዙውን ጊዜ ለምርመራ ጊዜ ይሰጣል።
• የደም ዝውውሩ ተመርምሯል? የተዘጋውን ቧንቧ መክፈት ወይም በሌላ ቧንቧ ማለፍ ይቻላል? የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ያየው ዘንድ ሪፈር ሊጻፍልን ይችላል?
• መጀመሪያ መግሉን ከፍቶ ማውጣትና የሞተውን ማንሳት፣ ከዚያም ምን እንደሚተርፍ ማየት ይቻላል?
• የሚቆረጠው የት ላይ ነው? ለምን እዚያ? ጣት ብቻ፣ ግማሽ እግር፣ ከጉልበት በታች ወይስ በላይ? ጉልበት መትረፉ በሰው ሠራሽ እግር ለመራመድ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።
• ቁስሉ ሲድን የሚቀጥለው ምንድን ነው? ክራንችና የአካል ድጋፍ አገልግሎት የት ይገኛል?

ጊዜ ካለ የሁለተኛ ሐኪም ሐሳብ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጊዜ ከሌለ ግን አይጠብቁ፤ አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ተሰብስበው እስኪመክሩ፣ ውጭ ያለው ልጅ እስኪደወልለት የሚያልፈው ሌሊት ጣትን ወደ ቅልጥም፣ ቅልጥምን ወደ ጭን ሊያሳድግ ይችላል። በሰዓቱ የተወገደች አንዲት ጣት እግርን ታድናለች። በሰዓቱ የተቆረጠ እግር ሕይወትን ያድናል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው ሰው ያው አባት፣ ያቺው እናት ነው።

10. «ዳነ» ብለው ከመርሳትዎ በፊት

ቁስሉ ከተዘጋ ሰዎች መካከል ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት በ1 ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ 65 ገደማ ይሆናሉ። ቆዳው ቢዘጋም ነርቩ እንደደነዘዘ ነው፣ የእግሩም ቅርጽ አልተለወጠም። ስለዚህ ቁስል ያለፈበት ወይም የተቆረጠ ሰው በየ1 እስከ 3 ወሩ እግሩን ማስመርመር አለበት። ስሜት ያጣ ግን ቆስሎ የማያውቅ በየ6 ወሩ፣ ምንም ችግር ያልተገኘበት ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ ለእግር ቧንቧ ከእርሱ የከፋ ጠላት የለም።

የማታው ማጣሪያ

ይህን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

• መብራት ያብሩ፤ ሁለቱንም እግር ይግለጡ።
• ለብ ባለ ውሃ ይጠቡ። የውሃውን ሙቀት ስሜት ባለው ክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ ይለኩ፤ ከ37 ዲግሪ አይብለጥ።
• በጣቶች መካከል አንድ በአንድ ያድርቁ።
• ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ የጣት ጫፍና መካከል ይታይ። ውሃ የቋጠረ፣ የተሰነጠቀ፣ የጠቆረ፣ የደደረ ቦታ አለ? ማየት ካቃተዎ መስታወት ወለል ላይ ያስቀምጡ ወይም ሰው ያሳዩ።
• በእጅ ጀርባ ሙቀቱ ይነጻጸር።
• የደረቀ ቆዳ ላይ ቫዝሊን ይቀባ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ።
• ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ጥጉ አይጎድጎድ።
• አዲስ ነገር ከተገኘ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ፤ መግል፣ መጥፎ ጠረን ወይም የጠቆረ ጣት ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል።

5 ደቂቃ አይፈጅም። ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። ከመንገድ ለገባ እንግዳና ለታላቅ ሰው እግር ማጠብ የአባቶቻችን ወግ ነበር፤ ጸሎተ ሐሙስ በመጣ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን እናየዋለን። ልጅ ጎንበስ ብሎ የአባቱን እግር ሲያጥብ ምርቃት ይቀበል ነበር። ያ ወግ ስኳር ባለበት ቤት ሁሉ ቢመለስ ምርቃት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከለቅሶ የተመለሱት አባት ያን ማታ እግራቸው ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ልጃቸው ካልሲውን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን ታየው ነበር፤ ጠጠሯም የአንድ ሳምንት ፋሻ አስከትላ ታልፍ ነበር። ዛሬ ማታ ሳፋውን ያውጡ።